ቁጥሩ አሮጌ፣ ጥገናው አዲስ

«ዴቢያን ላይ ያለው ሶፍትዌር ሁሉ ያረጀ ነው» የሚለው ወቀሳ ሰልችቶኛል። መሠረት የለውም አልልም። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ይህ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አዲስ ስቴብል እትም የሚያወጣው በሁለት ዓመት አንዴ ገደማ ነው። 12ኛው እ.ኤ.አ. በ2023፣ 13ኛው በ2025 ወጡ። እስከዚያ ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው ባሉበት ይረግጣሉ።

ግን ስቴብል ማለት ብልሽት የለበትም ማለት አይደለም። ጸባዩን አይቀያይርም ማለት ነው። በየዕለቱ የሚታደስ ሲስተም እጠቀም በነበረ ጊዜ፣ ስብሰባ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አፕዴት አድርጌ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጬ ቀርቻለሁ። (ጥፋቱ የእኔም ነው፤ በዚያ ሰዓት ማን አፕዴት አድርግ አለኝ?)

ብዙ ሰው የማያየው ሥራ ሌላ ነው። የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ፈቃደኞቹ አዲሱን ቨርዥን እንዳለ አያስገቡም፤ እንደ ብራውዘር ያሉ ጥቂቶች ሲቀሩ። ጥገናዋን ብቻ ከአዲሱ ኮድ ነቅለው አሮጌው ላይ ይተክሏታል። ዋናው የቨርዥን ቁጥር አይነካም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ጭራ ትቀጠልለታለች። ጭራዋን ያላየ ሰው «ይሄማ ክፍት ነው» ብሎ ይጮሃል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር መገናኛ መንገድ) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ቢቆፍር፣ ኤክስዚ በተባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። ቨርዥኖቹ የዴቢያን መሞከሪያ ክፍሎች ውስጥ ገብተው ነበር። ስቴብል ጋ አልደረሱም። መዘግየት አንዳንዴ እንዲህ ያተርፋል።

ሁልጊዜ ግን አይደለም። የዴቢያን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ላይ ባደረጉት የራሳቸው ማስተካከያ የተነሳ፣ እስከ 2008 ድረስ በእሱ የተፈጠሩ የምስጢር ቁልፎች በቀላሉ የሚገመቱ ሆነው ቆይተዋል። የሰው ኮድ መነካካትም ዋጋ አለው። የፕሮግራሞቹ ደራሲዎችም ድሮ ስላስተካከሉት ስህተት ዛሬ አሮጌውን ቨርዥን ከሚጠቀሙ ሰዎች አቤቱታ ሲደርሳቸው ቢበሳጩ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ አዲስ አድርጉልን ማለት ከሥራ በኋላ ያለ ክፍያ የሚለፉትን ሰዎች ጫንቃ ማጉበጥ ነው። ከሥር ያሉት፣ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነልና ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው ላይብረሪዎች፣ ይርጉ። አዲስነት የምር የሚያስፈልገው ከላይ ያሉት መተግበሪያዎች ላይ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መተግበሪያን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር አሽጎ ከሲስተሙ ለይቶ የሚጭነው ፍላትፓክ አለ። እኔ የቪዲዮ ማቀናበሪያዬን የምጭነው በእሱ ነው። ዲስክ ላይ ቦታ ይበላል። ይብላ።