ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ኔትወርኩን ለኩት

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ የመሥሪያ ቤት ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ የሚሆነው ያው ነው። ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ሰኔ ሲቃረብ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። አዲስ ራውተር ይገዛል፣ ወይም የመስመሩ ፍጥነት እንዲጨመር ደብዳቤ ይጻፋል። ሐምሌ ላይ ኔቱ እንደነበረው ነው።

እኔ የምለው ከግዥው በፊት ልኬት ይቅደም ነው። ለዚህ የሚከፈልበት ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ክራክ የተደረገም አያስፈልግም። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ የለበሰ ኮምፒውተር፣ በላዩ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የተባለው ዓይነት)፣ ከዚያ ደግሞ ፕሪንተር ጠግን እየተባለ የማይጠራ የአይቲ ባለሙያ። የሚከብደው የመጨረሻው ነው።

ኤምቲአር የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም እንይ። ትዕዛዙን ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ፣ ከእናንተ እስከ መድረሻው (ለምሳሌ እስከምትከፍቱት ድረ ገጽ) ያሉት ራውተሮች ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ይወጣሉ። ከየአንዳንዳቸው ጎን ስንት በመቶ ፓኬት (ዳታው ተቆራርሶ የሚላክበት ቁራጭ) እንደጠፋና መልሱ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደፈጀ በየሰከንዱ ይታደሳል። የመጀመሪያው መስመር የራሳችሁ ቢሮ ራውተር ነው። እዚያው 20 በመቶ ከጠፋ ችግሩ ግቢያችሁ ውስጥ ነው፤ በር የቆነጠጠው ኬብል፣ የደከመ ስዊች ወይም ግድግዳ የከለለው ዋይፋይ። የመጀመሪያው ንጹህ ሆኖ ከሁለተኛው እስከ መጨረሻው ከጠፋ ግን ያኔ አቅራቢው ጋ ይደወል፤ ያውም ማስረጃ ተይዞ። (መሃል ላይ ያለ አንድ ራውተር ብቻውን የፓኬት ኪሳራ ቢያሳይ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ቶሎ አይመልሱም።)

ሌላው በየቢሮው የሚያጋጥም ጣጣ አለ። አንዱ ሠራተኛ ዋይፋይ እንዲደርሰው ብሎ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ይሰካል። ያ ራውተር በራሱ ጊዜ ለኮምፒውተሮቹ የኔትወርክ አድራሻ ማደል ይጀምራል። ግማሹ ቢሮ ከትክክለኛው፣ ግማሹ ከእንግዳው አድራሻ ይወስድና ኔት ያጣል። ሰው ሁሉ መስመሩን ይረግማል። በኔትወርኩ የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን አድራሻ በሚታደልባቸው ፖርት 67 እና 68 ላይ ከፍታችሁ ከዚያው ኮምፒውተር አዲስ አድራሻ ብትጠይቁ፣ አንድ መሆን የነበረበት መልስ ሰጪ ሁለት ሆኖ ይታያል። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1988 የተጻፈ ነው፤ በ1991 ከመጣው ከሊኑክስም ይቀድማል። ጥቁር ስክሪን ለማይወዱ ያንኑ በመስኮት የሚያሳይ ዋየርሻርክ አለ።

«አይ፣ የእኛ ችግር ፍጥነት ነው» የሚሉም አሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ወረፋው ነው። ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ከፊታችሁ አምስት ኩንታል ያመጣ ሰው ካለ፣ አንድ ቁና ይዛችሁ ትውላላችሁ። አንድ ኮምፒውተር ዊንዶውስ አፕዴት ሲያወርድ የሌላው ኢሜይል የሚቆመው እንዲሁ ነው። ኬክ የሚባል ወረፋ አስተካካይ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል (እምብርቱ) ውስጥ ገብቷል፤ ለሁሉም ተራ ያደርሳል። ኦፕን-ደብሊውአርቲ የተባለው ነፃ የራውተር ሶፍትዌር በሚጫንበት ራውተር ላይ ማስነሳት ይቻላል። የዚህ ሶፍትዌር አነሳስ ደስ ይለኛል። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ ራውተሩን በሊኑክስ ሠርቶ ሸጠ፤ የሊኑክስ ፈቃድ ስለሚያስገድደው እ.ኤ.አ. በ2003 ኮዱን ይፋ አደረገ፤ ሌሎች ያንን ይዘው በዓመቱ ኦፕን-ደብሊውአርቲን ጀመሩ።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው። «ነፃ ነው፤ ባለሙያው አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ ማን ይይዘዋል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን የተገዛውንስ ማን ያዘው? ሊኑክስ ላይ ቅንብሩ ተራ ጽሑፍ ነው። ለውጥን በሚመዘግበው ጊት በተባለ ፕሮግራም ይቀመጣል፣ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፣ ማን ምን እንደቀየረ ይነበባል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መስመር ተቋርጦ፣ የብዙ ቢሮ ኮምፒውተርም ተዘርፎ ነበር። ከማሽን ጋር የታሰረ ላይሰንስ ከማሽኑ ጋር ይሄዳል። የቅንብሩን ቅጂ ሌላ ቦታ ያስቀመጠ ግን ያገኘው ኮምፒውተር ላይ መልሶ ይጭናል። መመሪያውም ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሆነ «man» ብሎ ጽፎ የትዕዛዙን ስም ማስከተል ይበቃል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። በአማርኛ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። የወሎና የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ርዕስ ሲያጡ ይህን ቢተረጉሙ እኔ በግሌ አመሰግናቸዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኤንማፕ በኔትወርካችሁ ላይ ምን ምን እንደተሰካና የትኛው በር (ፖርት) ክፍት እንደሆነ ያሳያል። የራሳችሁን ቢሮ፣ ያውም በኃላፊው ፈቃድ ብቻ ፈትሹበት። የጎረቤት ባንክ ላይ «ልሞክረው» ማለት ቀልድ አይደለም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ።

ለግዥ ኮሚቴዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የኔትወርክ ዕቃ ጥያቄ ሲመጣላችሁ የአንድ ሳምንት ልኬት አብሮ ይያያዝ በሉ። ስሞክፒንግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም መዘግየቱንና የፓኬት ኪሳራውን ቀንና ሌሊት እየለካ በግራፍ ያወጣል፤ አንድ ገጽ አትሞ ማያያዝ ነው። ገጹ ላይ ችግሩ በእርግጥ ከመስመሩ ሆኖ ከታየ ግዙ፣ እኔም አልከራከርም። ኬብል ከሆነ ግን ኬብል ቀይሩ።