ሰርቪስ ናፈቀን ለምትሉ

«የልጅነት ሰርቪስ ናፈቀኝ» እያላችሁ ፎቶ የምትለጥፉ፣ ኧረ አቦ ተዉን! የየት አገር ሰርቪስ ነው የናፈቃችሁ? እኔ የማውቀው ድሬዳዋ ላይ ከመጋላ ሰፈር ከዚራ ትምህርት ቤት የሚያመላልሰንን ነው። ለሁለት በተሠራ ወንበር አራት ልጅ፤ መስኮቱ ዝጎ አይከፈት፤ የድሬ ፀሐይ ጣሪያውን ምጣድ ታደርገዋለች። ጠዋት መጀመሪያ የምጫነው እኔ፣ ማታ መጨረሻ የምወርደውም እኔ። ክፍያው ግን ትምህርት በተዘጋበት ወርም አይቀርም!

ደግሞ ደቻቱ አለላችሁ፣ ዝናብ ከሌለ አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዛችን። ሾፌራችን ድልድዩ እያለ «በአሸዋው ያጥራል» ብሎ ይገባል፣ ጎማው ይሰምጣል፣ ከዚያ «ውረዱ፣ ግፉ!» የማንን መኪና ነው የምንገፋው? የከፈልንበትን! ድሬ ጠብታ ሳይወርድ ላይ ደንገጎ ተራራ ከዘነበ ያ ወንዝ በደቂቃ እንደሚሞላ ሕፃን እንኳ ያውቃል። በ1998 ክረምት ሌሊት ወርዶ ስንቱን ይዞ የሄደው እሱ አይደል? አርፍደን ስንደርስ ተንበርካኪዎቹ እኛ፤ ሾፌሩማ ሻዩን ይጠጣል።

አሁን የእህቴ ልጅ ተራ ደርሷል። ትናንት ሰባት ሆነው አንድ ባጃጅ ውስጥ ታጭቀው አየሁና ነጂውን ብናገረው፣ «ችግር የለውም አቦ፣ ልጆች ናቸው፣ ይጠጋጋሉ» አለኝ።