የቱሪስት ፎቶ ለሳይንስ አይሆንም? እርማት

"ዓሣ ነባሪና ሻርክ የሚጠኑት ምልክት ሰጪ መሣሪያ ተገጥሞላቸው ነው፤ ቱሪስት የሚያነሳው ፎቶ ለማስታወሻ ብቻ ነው" ብለው ጽፈዋል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ግን ስህተት ነው።

ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ ሊጠልቅ ሲል ጅራቱን ከውኃው በላይ ያነሳል። ያኔ የሚታየው የጅራቱ የታችኛው ገጽ፣ ጥቁርና ነጩ፣ ጠባሳውና የጠርዙ ስንጥቅ ልክ እንደ ጣት አሻራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ብራዚል አጠገብ ፎቶ የተነሳች አንዲት ሴት ዓሣ ነባሪ በ2001 ማዳጋስካር ታየች። ርቀቱ ቢያንስ 9,800 ኪሎ ሜትር ነው! የማዳጋስካሩን ፎቶ ያነሳው ደግሞ በጀልባ ለጉብኝት የወጣ ቱሪስት እንጂ ተመራማሪ አልነበረም። ያ ፎቶ ባይኖር ይህን ጉዞ ማን ያውቅ ነበር?

ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ሻርክም እያንዳንዱ የሚለየው በነጠብጣቡ ነው። ፎቶዎቹን የሚያነጻጽረው ፕሮግራም መነሻው የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የኮከቦችን አቀማመጥ የሚያመሳስሉበት ስሌት መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

በእርግጥ የደበዘዘ ፎቶ ብዙም አይረዳም፤ መሣሪያውም የራሱ ጥቅም አለው፤ እንስሳው የጠለቀበትን ጥልቀት ፎቶ አይነግረንም። ግን ጎረቤታችን ጅቡቲ ሄደው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ ካጋጠመዎት፣ ሳይነኩትና መንገዱን ሳይዘጉ ከስንጥቦቹ በስተኋላ ያለውን የግራ ጎኑን ያንሱት። ቀኑንና ቦታውን መዝግበው ለተመራማሪዎች ይላኩላቸው።