ሚ-17 እንዲሁ ስሙ የተቀየረ ሚ-8 አይደለም
ስለ ሚ-8 ሄሊኮፕተር ያቀረባችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን ከእሱ ተሻሽሎ የተሠራውን ሚ-17ን «ያው ሚ-8 ነው» ብላችሁ ማለፋችሁ ለእኛ ለጎንደሮች አይዋጥልንም። እ.ኤ.አ. በ1961 የበረረው የመጀመሪያው የሚ-8 ናሙና አንድ ሞተር ብቻ ነበረው፤ ሁለተኛው ሞተር በዓመቱ ተጨመረ። ለደጋ አገር ዋናው ለውጥ ግን ሚ-17 ላይ የተገጠመው ቲቪ3-117 የተባለው ጉልበተኛ ሞተር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩም ይደክማል፣ ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍም የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል። ቆላ ላይ እስከ 4 ቶን የሚጭነው ሚ-8፣ ጎንደር አጠገብ ካለችው አዘዞ ተነስቶ ስሜን ተራሮች ላይ ልረፍ ቢል ጭነት መቀነስ ግድ ነው። ፎቶ ላይ መለየት የፈለገ ጅራቱን ይይ፦ ትንሿ መዘውር በቀድሞው ሚ-8 በቀኝ፣ በሚ-17 በግራ ናት። ደግሞ እባካችሁ፣ በ77ቱ ድርቅ በሚ-8 እርዳታ ያደረሱትን የፖላንድ አብራሪዎች አትርሷቸው፤ ለብቻው ሊጻፍላቸው ይገባል።