ማስተካከያ፦ የሃውል ታሪክ የማን ነው?

ባለፈው ስለ ጃፓን አኒሜ (የካርቱን ፊልሞች) ስጽፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «የሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ» ፊልም ጃፓናዊው የፊልም አዘጋጅ ሃያኦ ሚያዛኪ ከራሱ አፍልቆ እንደሠራው አድርጌ አቅርቤ ነበር። ተሳስቻለሁ። ታሪኩ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የዳያና ዊን ጆንስ ነው፤ ልብ ወለዱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ስሟን ጭራሽ አለማንሳቴ ነው የቆጨኝ። የግንቡ ባለቤት ጠንቋዩ ሃውል፣ በእርግማን አሮጊት የሆነችው ሶፊ፣ ምድጃ ውስጥ የሚኖረው የእሳት ጋኔን ካልሲፈር፣ እጀታው ወደተለያየ ቀለም ሲዞር ወደ አራት ቦታ የሚከፈተው የግንቡ በር፣ ሁሉም የእሷ ናቸው።

ሚያዛኪ ዝም ብሎ ቀዳ ማለቴ ግን አይደለም። በሩን ብቻ እንይ። መጽሐፉ ላይ እጀታው ወደ ጥቁር ሲዞር የሚያወጣው ዌልስ ነው፤ የሃውል እህት ከነቤተሰቧ እዚያ ትኖራለች። ፊልሙ ላይ ያው ጥቁር ቀለም ሃውልን የሚያደርሰው ጦርነት ውስጥ ነው። በሩ አንድ፣ መድረሻው ሌላ! ግንቡን በብረት እግር ያስኬደውም ሚያዛኪ ነው።

ስለዚህ «ታሪክ፦ ሃያኦ ሚያዛኪ» ያልኩት «ድርሰት፦ ዳያና ዊን ጆንስ፤ የፊልም ጽሑፍና ዝግጅት፦ ሃያኦ ሚያዛኪ» በሚል ተስተካክሏል።