ማስተካከያ፦ ፓርቲ ያልመረጡ መራጮችና የፕራይመሪ ምርጫ

«በአሜሪካ በፓርቲ ያልተመዘገበ ሰው በፕራይመሪ ድምፅ መስጠት አይችልም» ተብሎ የተሰራጨው መረጃ ለኮሎራዶ ግዛት ፍጹም ስህተት ነው። ፕራይመሪ ማለት ፓርቲዎች ለዋናው ምርጫ የሚያቀርቧቸው ዕጩዎች የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ነው። የዴንቨርና የኦሮራ ዜጎች ይህን አምነው እንዳይቀሩ አደራ እንላለን።

የኮሎራዶ ሕዝብ በ2016 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ሕግ መሠረት፣ ሲመዘገብ ፓርቲ ያልመረጠ መራጭ የዴሞክራቶችም የሪፐብሊካኖችም የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ይደርሰዋል። የሚመልሰው ግን አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱንም ሞልቶ ከላከ ሁለቱም ይሰረዛሉ፤ ስለዚህ የማይፈልጉትን ወዲያው ቀዶ መጣል ይሻላል። የአንዱ ፓርቲ ወረቀት ብቻ እንዲላክልዎ አስቀድመው መጠየቅም ይችላሉ። ፖስታው ላይ መፈረም አይርሱ። ወረቀቱ በምርጫው ቀን እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 7፡00) መድረስ አለበት፤ የፖስታ ቤት ማኅተም ቀን አያድነውም። የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደመለሱ በመዝገብ ይታያል፣ ማንን እንደመረጡ ግን አይታይም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በኮሎራዶ ፓርቲ ያልመረጡት ከእያንዳንዱ ፓርቲ አባላት ይበልጣሉ። እንደ ዴንቨር ባለ ዴሞክራቶች በሚበዙበት ቦታ ደግሞ አሸናፊው በአብዛኛው የሚለየው በፕራይመሪው ነው። በኮከስ (ፓርቲዎች ዕጩ ለመለየት በየአካባቢው በሚያደርጉት ስብሰባ) ድምፅ የሚሰጡት ግን አባላት ብቻ ናቸው።

ሜሪላንድ የተለየ ነው፦ ለፓርቲ ዕጩዎች የሚመርጡት አባላት ብቻ ናቸው። ፓርቲ ለመምረጥ ወይም ለመቀየር ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት ማመልከት ያስፈልጋል፤ በምርጫው ዕለት አዲስ መመዝገብ ቢቻልም ፓርቲ መቀየር አይቻልም። በቨርጂንያ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም፤ መራጩ ከሁለቱ ፕራይመሪዎች አንዱን ይመርጣል።