እርማት፦ «ካርቦን የለበሰ ሞተር ሳይክል የደንገጎን ዳገት በቀላሉ ይወጣል» ለሚለው

«ፓራፋንጎውንና (የጭቃ መከላከያውንና) የጎን ሽፋኑን ካርቦን አድርጉት፣ ከድሬዳዋ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ላይ ሞተሩ ይቀልላችኋል» የተባለው ልክ አይደለም። ብዙ ጊዜ «ካርቦን» ተብሎ የሚለጠፈው ስቲከር ነው፤ እሱ ደግሞ ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ፈትታችሁ ጀርባውን እዩት፦ ተራ ጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ አለቀ።

እውነተኛውስ? የካርቦን ፋይበር (በሬዚን፣ ማለትም በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ክር) አንድ ኩብ ሴንቲሜትር 1.6 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ተራው የሞተር ሽፋን የሚሠራበት ኤቢኤስ ፕላስቲክ ግን 1.05። አዎ፣ ካርቦኑ ይከብዳል! የሚቀልለው ጠንካራ ስለሆነ ስስ ተደርጎ ሲሠራ ብቻ ነው። ከፓራፋንጎ የሚተርፈው ቢበዛ ጥቂት መቶ ግራም ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን እንኳ 740 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዳገቱ ካስቸገራችሁ የፊቱን ፒኞን (ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ትንሹን ጥርሳም ክብ) በአንድ ጥርስ ቀንሱ፤ ሜዳ ላይ ፍጥነቱ ትንሽ ይወርዳል እንጂ ጉልበቱ ይሰማችኋል።

ለውበት ከሆነ ይሁን፣ ያምራል። ግን የድሬ ፀሐይ አይምርም፤ ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ ካልተቀባ ሬዚኑ ቢጫ ይሆናል። ብሎኑ ሥር የጎማ ሮንዴላ አድርጉ፣ አለዚያ ስታጠብቁት ቀዳዳው ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ አታስጠጉት። የተላጠ ሽቦም እንዳይነካው፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።